የፒካን ፓይና የአትክልተኛው የአንቷን ታሪክ



በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በየዓመቱ በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓል ሲከበር፣ በተለይ በደቡብ ግዛቶች ከማዕድ የማይታጣ አንድ ጣፋጭ ምግብ አለ፤ ስሙም የፒካን ፓይ ይባላል። በጎድጓዳ ሳሕን ላይ በተነጠፈ ስስ ሊጥ ውስጥ ዕንቁላል፣ ስኳር፣ ቅቤና ወፍራም ሽሮፕ ተደባልቆ ይፈስበታል፤ ፒካን የተባለው ፍሬም ተጨምሮበት ሲጋገር ፍሬው ወደ ላይ ተንሳፍፎ ይጠበሳል። ለስኳር የሚሳሳ ሰው ባይቀርበው ይሻለዋል።

ስለ አመጣጡ የሚነገረው ብዙ ነው። በኒው ኦርሊንስ የሰፈሩ ፈረንሳውያን ፈለሰፉት የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህን የሚያስረዳ የጊዜው ጽሑፍ አልተገኘም። ካሮ የተባለውን የበቆሎ ሽሮፕ በ1902 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለገበያ ያወጣው ኩባንያ ደግሞ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት ከሽያጭ ሹማምንቱ የአንዱ ባለቤት እንደ ፈለሰፈችው ሲያወራ ኖሯል። ይሁን እንጂ አሠራሩ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ታትሞ ነበርና፣ ለኩባንያው የሚገባው ምስጋና ምግቡን በየቤቱ ስላሰራጨ ብቻ ነው።

ፍሬው ግን ከምግቡ እጅግ ይቀድማል። ስሙ የተወሰደው ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን፣ በድንጋይ የሚሰበር ፍሬ ማለት ነው። ዛፉ በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆና በቴክሳስ በዱር ይበቅላል። ችግሩ ከመልካም ዛፍ የተለቀመ ዘር ቢተከል የሚበቅለው እናቱን አለመምሰሉ ነበር፤ አንዱ ትልቅ ፍሬ ሲሰጥ፣ ሌላው ትንሽና ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነውን ይሰጣል። መልካሙን ዝርያ ለማብዛት ቅርንጫፉን ቈርጦ በሌላ ግንድ ላይ ማጣበቅ ያስፈልጋል።

ኮሎም የተባለ የሉዊዚያና ሐኪም ይህን ሞክሮ አልተሳካለትም። ከዚህ በኋላ ቅርንጫፎቹን ኦክ አሊ ወደተባለው የሸንኰራ አገዳ እርሻ ወሰደ፤ እዚያም በባርነት ተይዞ ይሠራ ለነበረው አትክልተኛ ለአንቷን ተሰጡት። አንቷንም በ1846 ዓ.ም. መጨረሻና በ1847 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት 16 ዛፎችን አጣበቀ፤ ጸደቁለትም። የርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ዓ.ም. ሲያበቃ በእርሻው ላይ የተጣበቁት ዛፎች 126 ደርሰው ነበር። በ1876 ዓ.ም. የአሜሪካ ነፃነት መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን በፊላዴልፊያ ሲታይ፣ የዚሁ ዝርያ ፍሬ ቀርቦ ስለ ትልቅነቱና ስለ ቅርፊቱ ስስነት ተመሰገነ፤ ሴንቴኒያል፣ ማለትም መቶኛ ዓመት፣ የሚል ስምም ወጣለት። ቴክሳስ ደግሞ በ1919 ዓ.ም. ዛፉን፣ በ2013 ዓ.ም. ፓዩን የግዛቱ መለያ አድርጎ ሠይሟል።

የእርሻው ጌታ በ1848 ዓ.ም. ሲሞት የንብረቱ ዝርዝር ተጽፎ ነበር። በዚያ ውስጥ አንቷን ዕድሜው 38፣ አትክልተኛና ፒካን በማጣበቅ የሠለጠነ ተብሎ፣ ዋጋው 1000 ዶላር ተገምቶ ተመዝግቧል። የአባቱ ስም አልተጻፈም።