የብረት ስንጥቅ መርማሪውና የማኅፀን ጨለማ

ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለንና፣ ጁላይ 21 ቀን 1955 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ ከግላስጎው ከተማ አጠገብ ባለችው በሬንፍሩ ወደ ነበረው የባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ፋብሪካ ሁለት መኪናዎች ሲገቡ፣ ዘበኛው የኋላ ዕቃ መጫኛቸውን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ሳይጮኽ የሚያሳልፋቸው አይመስለኝም፤ ጭነታቸው ከሴቶች ማኅፀንና እንቁልጢ በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበረና። ፋብሪካውም በበኩሉ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ሙዳ የበሬ ሥጋ አሰናድቶ ጠበቃቸው። ባለ ዕጢው እንግዳ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ኢያን ዶናልድ ነው፤ ወደዚያ ያደረሰውም ከፋብሪካው ሹማምንት የአንዱን ሚስት ማከሙ ነበረ።

ፋብሪካው ታላላቅ የእንፋሎት ጋኖችን ይሠራ ነበር። በጋኑ ብየዳ ውስጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ እንዳይቀር፣ የሰው ጆሮ ከማይሰማው ድምፅ የተሠራ መመርመሪያ ነበረው። እረኛ በገደል አፋፍ ቆሞ ቢጮኽና የገደል ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቢቈጥር የማዶውን ርቀት ለመገመት እንደሚችል፣ መሣሪያውም ድምፁን ወደ ብረቱ ልኮ የሚመለሰውን ማሚቶ በመስተዋቱ ላይ እንደ ብርሃን ሾህ ያቆመዋል። ያን ቀን ታዲያ ውሃ የቋጠረው ከረጢት ዝም ሲል፣ ጠጣሩ ዕጢ ማሚቶ በማሚቶ ሆኖ መለሰ፤ ዶናልድም ከዚህ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ይህ ሰው በ1910 ዓ.ም. በኮርንዎል፣ በሊስከርድ ከተማ፣ አባቱም አያቱም ሐኪሞች ከነበሩበት የስኮትላንድ ቤተሰብ ተወለደ። ወጣትነቱን ያሳለፈው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ እናቱን ዘጊ አናዳ ካመጣባት ሕመም የተነሣ በ1927 ዓ.ም. አጥቶ፣ አባቱም ብዙ ሳይቈይ ተከተላት። በኬፕታውን ቋንቋና ሙዚቃ ከተማረ በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ሲያገለግል ቦምብ እንደ ጫነ ከሚነድ አውሮፕላን ውስጥ ወታደሮች አውጥቶ ተሸለመ፤ ራዳርንና የባሕር ውስጥ ማሚቶን የለመደውም በዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለአራስ ሕፃናት የመተንፈሻ መኪና ሲፈታና ሲገጥም ባልደረቦቹ «እብዱ ዶናልድ» ይሉት ነበረ።

በግላስጎው ግን ብቻውን አልሠራም፤ ይህን መናገር የሚገባ ይመስለኛል፤ ዝና አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል ልማዱ ነውና። የኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ ቶም ብራውን፣ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል የመብራት ሥራ ላይ ሳለ፣ የብረት መመርመሪያ በሰው ላይ ስለሚሞክር ፕሮፌሰር ወሬ ሰምቶ፣ የስልክ መዝገብ አገላብጦ ራሱ ደወለለት። ቢሄድ ዶናልድ በማይረባ መሣሪያ ሲደክም አገኘውና የተሻለ አስመጣለት፤ በኋላም ሥዕል የሚያወጣውን መኪና የነደፈው እርሱ ነው። ጆን ማክቪካር የተባለ ሐኪምም ሦስተኛቸው ሆነ። አስቀድሞ ድምፁ እንዲተላለፍ በበሽተኛይቱ ሆድ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ ያቆሙ ነበርና፣ ውሃው እየፈሰሰ አልጋውን ያረጥበው ነበረ፤ ኋላ ግን ባልዲውን ትተው ሆዷን የወይራ ዘይት ቀቡት።

ሌሎች ሐኪሞች በሥራቸው ሲሣለቁ ሳሉ፣ የጨጓራዋ ካንሰር ከመዳን አልፏል የተባለችና በሆድ እብጠት የምትሠቃይ አንዲት ሴት ቀረበች። ማሚቶው ግን በሆዷ የተንጣለለውን አንድ ታላቅ ከረጢት ዳርቻ አሳየ። ዶናልድ ቀዶ ሲያወጣው ካንሰር ያልሆነ የእንቁልጢ ከረጢት ሆነ፤ ለሞት የተሰጠችውም ሴት ዳነች። ጁን 7 ቀን 1958 ዓ.ም. የሦስቱ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ።

በዚያው ጊዜ አሊስ ስቱዋርት የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም፣ እናታቸው በእርግዝና ወራት ራጅ የተነሣች ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው እንደሚበዛ ገልጣ ነበረና፣ ጨረር የሌለው ይህ መኪና በጊዜው ደረሰ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ በአንጀት አየር ተሰውሮ አይታይም ነበረ፤ እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ፣ ሽንት የሞላው ፊኛ አንጀቱን ገፍቶ ለድምፁ መስኮት እንደሚከፍት እስኪታወቅ። ዛሬም ነፍሰ ጡሯ ውሃ ጠጥታ ሽንቷን ይዛ በወረፋ ወንበር ላይ እግሯን እያፋተገች የምትጠብቀው ስለዚህ ነው።

ዶናልድ ጽኑዕ ክርስቲያን ነበረ። ፅንስን ማስወረድ በ1967 ዓ.ም. በብሪታንያ በሕግ ሲፈቀድ አጥብቆ ተቃወመ፤ ለማስወረድ ለመጡ ሴቶችም የፅንሳቸውን ሥዕል ያሳያቸው ነበረ። በጭንቅ ላይ ያለችን ሴት በዚህ ማስጨነቁን እኔ አልወድለትም፤ ጨካኝ ያሉትም አልጠፉም። ይሁን እንጂ የገዛ መኪናው በማኅፀን ሳለ ጉድለቱ የታየውን ፅንስ ለማስወረድ መንገድ ሲሆን ማየት፣ እንደ እርሱ ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚመርር መገመት አያዳግትም።

የራሱ ልብ ከቀድሞ ጀምሮ የታመመ ነበረ። ሦስት ጊዜ ታላቅ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በየጊዜው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ1976 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ ጁን 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ዐርፎ፣ በኤሴክስ ባለችው በፓግልሻም መንደር፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ተቀበረ።