የኢንተርኮም ቁልፎችና ማሳያ በማይክሮፕሮሰሰር የሚታዘዙት እንዴት ነው?

በአፓርታማዎችና በመሥሪያ ቤቶች መግቢያ የሚተከለው ኢንተርኮም የቁጥር ቁልፎች፣ አነስተኛ ማሳያ፣ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ የያዘ መሣሪያ ነው። እንግዳው የክፍሉን ቁጥር ይጫናል፤ ቁጥሩ በማሳያው ላይ ይነበባል፤ ከውስጥ ያለው ሰው አነጋግሮት በሩን ይከፍትለታል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ማይክሮፕሮሰሰር ነው። ቁልፍ አልታዘዝ ሲል ብዙዎች «አእምሮው ተቃጠለ» ብለው መሣሪያውን በሙሉ ይለውጣሉ፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው ግን ብልሽቱ የት እንዳለ ከውጭ ሆኖ ሊገምት ይችላል።

12 ቁልፎች ላሉት ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ መስመር ቢዘረጋ 12 መስመሮችና አንድ የጋራ መመለሻ ያስፈልጉ ነበር። ቁልፎቹ በ4 ረድፍና በ3 አምድ ሲደራጁ ግን 7 መስመሮች ይበቃሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚገኘው አንድ ረድፍና አንድ አምድ በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ነው። በመስመር በተዘራ ማሳ ውስጥ አንድን ተክል «ከሁለተኛው መስመር ሦስተኛው» ብሎ እንደመጠቆም ያለ ነው።

ማይክሮፕሮሰሰሩ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልክና ሦስቱን አምዶች ያነባል። ምልክቱ በአንዳቸውም ካልተመለሰ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ያልፋል፤ አራተኛውን ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ዙሩ እጅግ ፈጣን በመሆኑ የሰው ጣት አይቀድመውም። በሁለተኛው ረድፍ የተላከው ምልክት በሁለተኛው አምድ ከተመለሰ፣ የተጫነው ቁልፍ 5 ነው።

ይሁንና ንክኪዎቹ ሲገናኙ ወዲያው አይረጉም፤ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ። ፕሮግራሙ ይህን ካልታገሠ አንድ ጊዜ የተጫነው 5 እንደ 555 ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ ዳግመኛ ያነብባል። ያረጀ ቁልፍ በአንድ መጫን ሁለት ጊዜ የሚጽፈው፣ ንጥረቱ ከተመደበው የመቆያ ጊዜ ሲረዝም ነው።

ብልሽትን ለመለየት የሚረዳውም ይኸው የረድፍና የአምድ አደረጃጀት ነው። 5 ብቻውን እምቢ ካለ ጥርጣሬው በዚያው ቁልፍ ንክኪ ላይ ይወድቃል፤ አቧራ ወይም እርጥበት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። 4፣ 5 እና 6 በአንድነት ከሞቱ የረድፉ፣ 2፣ 5፣ 8 እና 0 በአንድነት ከሞቱ ደግሞ የአምዱ መስመር መላቀቁን ወይም መቆረጡን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሽፋኑን ከመክፈት አስቀድሞ ግን ኃይሉ መቋረጥ አለበት።

ቁልፉና ማሳያው በቀጥታ አይገናኙም። በማሳያው ላይ የሚታየው ማይክሮፕሮሰሰሩ እንዲታይ የፈቀደው ብቻ ነው፤ የበሩ ምሥጢር ቁጥር ሲጫን በቁጥሮቹ ፈንታ የኮከብ ምልክት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በየመሣሪያው የተለመደው ባለ2 መስመርና ባለ16 ፊደል ኤልሲዲ የራሱ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለው። ማይክሮፕሮሰሰሩ የፊደሉን መለያ ቁጥር ይልካል፤ ነጥቦቹን አቀናብሮ ፊደሉን የሚሥለው ያ ቺፕ ነው።

ለእኛ የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ቺፖች በስፋት የታወቀው የሂታቺ ኤችዲ44780 የላቲን ፊደላትን አብሮት በተሠራ ማስታወሻ ይዟል፤ ተጠቃሚው ራሱ ቀርጾ ሊጨምርበት የሚችለው ግን በ5 በ8 ነጥብ የሚሣሉ 8 ምልክቶችን ብቻ ነው። 231 መሠረታዊ ሆሄያት ያሉት የግእዝ ፊደል በዚህ ሊስተናገድ አይችልም። እንግሊዝኛ ለማያነብ እንግዳ በአማርኛ መመሪያ መስጠት የሚፈልግ ገዥ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ ማዘዝ የሚቻልበት የሥዕል ማሳያ መኖሩን ሲገዛ መጠየቅ ይኖርበታል።

ማሳያው ጨልሞ ጥሪው ግን ወደ ክፍሉ የሚደርስ ከሆነ ማይክሮፕሮሰሰሩ እየሠራ ነው። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈተሸው የማሳያው ማገናኛ ሽቦና የድምቀቱ ማስተካከያ ነው።