ከመጋዘን የተረፉ ፈረሰኞች

በሲኒማ ታሪክ የሊቃውንትን ምስጋና ያተረፉ ሥራዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ዘካሪ አጥተው በየመጋዘኑ የቀሩም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀናት ይሠሩ የነበሩት የካውቦይ ፊልሞች ከዚህ ወገን ናቸው። ታላላቅ ኩባንያዎች የናቋቸውን እነዚህን ሥራዎች፣ ከዓመታት በኋላ በብርቱ የሚያስሱ ሰብሳቢዎች ተነሡ። ምን አዩባቸው?

መልሱ በጥቁር አሜሪካውያን የካውቦይ ፊልሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ዘፋኙ ኸርብ ጄፍሪስ በመሪ ተዋናይነት የሠራባቸው ፊልሞች በተከታታይ ወጡ። የመጀመሪያው «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ»፣ ከመጨረሻዎቹ አንዱ «ዘ ብሮንዝ ባካሩ» ነው። ገንዘብ ያወጡት ነጋዴዎች ትርፍ ፈላጊዎች ነበሩ፤ የቀረጻው ቦታ ውስን፣ ድምፁም ሻካራ ነበር። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ላም ነጂዎች አራተኛው እጅ ያህል ጥቁሮች እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ሲገምቱ፣ ባለጸጋው ሆሊውድ ይህን እውነት ከሸራው ላይ ሰርዞታል። ጥቁሩን ፈረሰኛ ጀግና አድርጎ ያሳየው ድሃው ፊልም ነው።

እነዚህ ሥራዎች እስከ ዛሬ መድረሳቸው በራሱ ያስደንቃል። በዘመኑ ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ሲያረጅም የሚበሰብስ ነው። ትናንሽ ኩባንያዎች ሲዘጉ ለቅጂዎቹ የሚያስብ አልነበረም። ከጄፍሪስ ጋር የተወነውና ለካውቦይ ፊልም ድርሰት የጻፈው ስፔንሰር ዊልያምስ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ያዘጋጀው «ዘ ብለድ ኦፍ ጂሰስ» ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ ከሚገኝ መጋዘን ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1991ም በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሰፈረ።

የሕጉም ጠባይ ለሰብሳቢው ረድቶታል። በቀድሞው የአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት መብት በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ ይወድቅ ነበር። ባለቤቶቻቸው የዘነጓቸው ብዙ ርካሽ ፊልሞች በዚህ ምክንያት የሕዝብ ሀብት ሆኑ፤ ቅጂዎቻቸውም ከእጅ ወደ እጅ ተዛወሩ።

እርግጥ፣ ብርቅነትን ብቻ የሚያሳድድ ሰብሳቢ አይታጣም። የተሰበሰበውም ሁሉ ጥበብ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ መልኩን የሚያገኘው ባለጸጋ ባስቀመጠው መስተዋት ብቻ አይደለም። ተንቆ የተጣለው ስብርባሪም መልክ ያሳያል። ጎንበስ ብሎ ያነሣው ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የታሪክ ጠባቂ ነው።