የስምጥ ሸለቆ ውሃዎችና የተሰወረው ሀብታቸው

በምሥራቅ አፍሪካ ፍል ውሃ የሕዝብ የቆየ ወዳጅ ነው። በሽተኛው ለፈውስ፥ መንገደኛው ለመታጠብ ይወርድበታል። ይሁን እንጂ በዓይን የማይታዩ ፍጡራን በዚያ ግለት ውስጥ መኖራቸው በሰፊው የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በየሎስቶን ፍል ውሃ ውስጥ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የሚራባ ባክቴሪያ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ለሕይወት የማይመቹ የሚመስሉት ውሃዎች ሁሉ ይመረመሩ ጀመር።

የእንጨት፥ የሣርና የጥጥ ዋና አካል ሴሉሎስ ይባላል። ይኸውም የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙበት ጽኑ ነገር ነውና የሰው ሆድ ሊፈጨው አይችልም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ሴሉላዝ የተባለ ኤንዛይም እያመነጩ ሰንሰለቱን ቈራርጠው ይመገቡታል። በፍል ውሃ የሚኖረው ባክቴሪያ ኤንዛይም ሙቀትን፥ በሶዳ ሐይቅ የሚኖረው ደግሞ የሳሙናን ውሃ ስለሚቋቋም ፋብሪካዎች አጥብቀው ይፈልጉታል።

በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደ ቦጎሪያና እንደ ናኩሩ ያሉ የሶዳ ሐይቆች ይገኛሉ፤ በቦጎሪያ ዳርቻ ፍል ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። በ1992 የእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከነዚህ ሐይቆች ናሙና ወሰዱ። ከዚያ የተገኘ ሴሉላዝ በጄነንኮር ኩባንያ አማካይነት የጂንስ ልብስ ለማደብዘዝና ለልብስ ሳሙና ዋለ። በ2004 የኬንያ የዱር አራዊት አገልግሎት የጥቅም ድርሻ ይገባኛል ሲል፥ ኩባንያው በበኩሉ በፈቃድ እንደ ሠራ መለሰ።

አገሮች በሕያው ሀብታቸው ላይ ሥልጣን እንዳላቸው የሚደነግገው የሪዮ ዴ ጃኔሮ ስምምነት የተፈረመው በዚያው በ1992 ሲሆን፥ የጸናው ግን በ1993 መጨረሻ ነው። ከክርክሩ በኋላ በ2007 የኬንያው መሥሪያ ቤት ኖቮዛይምስ ከተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ። ኢትዮጵያም በ2006 በአዋጅ ቍጥር 482 ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥታለች።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ነገር ግን ባለቤቱ ምን እንዳለው ሳያውቅ በምን ይጮኻል? ሕግ በሩን ይጠብቃል፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን ለይቶ የሚያውቀው ግን የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ በመንደሩ አጠገብ ካለው ፍል ውሃ አንዲት ጠብታ አንሥቶ በማይክሮስኮፕ የሚያሳይ መምህር፥ ለተማሪው ስለ ርስቱ የሚያስረዳ ምስክር ነው።