የድንበር ዘራፊዎችና የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ

አንዲት እህታችን ስኮትላንዳዊ ባለቤቷን በሞት ስታጣ ልቅሶው ላይ አብረን እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። በቀብሩ ዕለት እንደ ደንባችን የሟቹ የሕይወት ታሪክ ተነቧል። ነገር ግን የተነበበው ከልደታቸው የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ነበር፤ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ» የሚለው ክፍል አልነበረውም። እህታችን ይህ ጉድለት ለሙት ዓመቱ እንዳይደገም ፈለገች። ለሁለቱ ወንዶች ልጆቿ የአባታቸውን ወገን ቆጥሮ የሚነግር ሽማግሌ በሕይወት ስላልነበረ፣ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዘው ሦስት አባላት «መዝገብ ማገላበጥ የእናንተ ሥራ ነው» ተባልን።

በእጃችን የነበረው አንድ የቤተሰብ ስምና አንድ ወሬ ነው። ስሙ አርምስትሮንግ ነው። ወሬው ደግሞ የልጆቹ አያት በሕይወት ሳሉ «እኛ ንጉሥ የሰቀለው የጆኒ አርምስትሮንግ ዘር ነን» ይሉ እንደነበር ነው። ልጆቹ በዚህ ይኮራሉ። እናታቸው ግን «ቄሱ በተቀመጡበት የከብት ሌባ ዘር ናቸው ብዬ ላስነብብ ነው?» አለችን። ስለዚህ ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ ማንበብ ጀመርን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንድና እንግሊዝ ከ1300 ገደማ ጀምሮ ለሦስት መቶ ዓመታት ሲዋጉ፣ ሲታረቁ፣ እንደገና ሲዋጉ ኖረዋል። መከራውን የሚቀበለው በሁለቱ መካከል ያለው የድንበር ገበሬ ነበር። ሠራዊት ባለፈ ቁጥር እህሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ሀብቱን በእግሩ በሚሄድ ነገር፣ በከብት፣ በበግና በፈረስ አደረገ። በእግሩ የሚሄድ ሀብት ደግሞ ሌላም ሰው ሊነዳው ይችላል። መከር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ብርዱ ገብቶ ሌሊቱ ሲረዝም፣ የአንድ ስም ሰዎች በፈረስ ተሰባስበው ይወጣሉ፤ ከብት ነድተው፣ ቤት አቃጥለው፣ አንዳንዴም ሰው ገድለው ይመለሳሉ። አርምስትሮንግ፣ ኤልየት፣ ስኮት፣ ኬር፣ ኒክሰን፣ ክሮዘር የሚባሉት በስኮትላንድ ወገን፣ ቻርልተንና ሮብሰን በእንግሊዝ ወገን፣ ግራሞች ደግሞ በሁለቱም ነበሩ። ለንጉሥ ከመታመን ይልቅ ለስማቸው ይታመኑ ነበር። ስኮቱ ስኮቱን ይዘርፋል፣ ለዚያውም ከእንግሊዙ ጋር ተባብሮ።

ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። የድንበሩ ሕግ በ1249 ተጽፏል። ድንበሩም በእያንዳንዱ ወገን ሦስት፣ በድምሩ ስድስት አውራጃ ሆኖ ለየአንዳንዱ ገዥ ተሹሞለት ነበር። የተዘረፈ ሰው በስድስት ቀን ውስጥ ዱካ ተከትሎ ድንበሩን ተሻግሮ ከብቱን ማስመለስ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን ሌላ ዘራፊ መስሎ እንዳይታይ በጦሩ ጫፍ ላይ የሚነድ ኩበት መሰል አፈር ሰክቶ፣ ውሻና ቀንደ መለከት ይዞ በግልጽ መሄድ ነበረበት። ችግሩ ከገዥዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ዘራፊዎች መሆናቸው ነው።

በሙያችን ምክንያት በጣም ያስገረመን «ጥቁር ኪራይ» የሚሉት ነገር ነው። ገበሬው ለባለ መሬቱ ኪራይ ከከፈለ በኋላ፣ እንዳይዘርፈው ለዘራፊውም ሌላ ኪራይ ይከፍላል። በስኮትላንዳውያን ቋንቋ «ሜይል» ኪራይ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሰውን አስፈራርቶ ገንዘብ ለመቀበል የምንጠቀምበት «ብላክሜይል» የሚለው ቃል ከዚያ ቀርቷል። ስለ ጀግንነታቸው የሚዘፈንላቸው ሰዎች በገበሬው ሒሳብ ላይ የተጻፉት በወጪ በኩል ነው።

ጆኒ አርምስትሮንግ ከነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነ ነው። በ1530 ንጉሥ ጄምስ አምስተኛ፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ድንበሩን ለማስገበር ሠራዊት ይዞ ወረደ። ጆኒ ንጉሡ ምሕረት የሚያደርግለት መስሎት አምሮና ደምቆ ሰዎቹን አስከትሎ እንደመጣ ይነገራል። ካርላንሪግ በተባለ ቦታ እሱም ሰዎቹም ተሰቀሉ። በዚያ ቦታ ዛሬ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ሄደን አይተነዋል፤ ነፋሱ የሚገፈትር ነው፣ ዙሪያውም በግ ብቻ።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1525፣ የግላስጎው ሊቀ ጳጳስ ጋቪን ደንባር የድንበር ዘራፊዎችን የሚረግም ረጅም ውግዘት አውጥቶ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ አድርጓል። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ጫማ ይረግማል። እርግማኑ ለወንዶቹ ብቻ ሳይሆን በሥራቸው ለተባበሩ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ጭምር ነው። እዚህ ላይ ስንደርስ እህታችን ዝም አለች።

ስለ ሴቶቹ የተጻፈው ጥቂት ነው። በጣም የሚነገረው የሃርደኑ ዋት ስኮት ሚስት የሜሪ ስኮት አፈ ታሪክ ነው፤ በቤት ሥጋ ሲያልቅ ለባሏ በእራት ሰዓት የፈረስ መኮርኮሪያ ብረት በሳህን ታቀርብለት ነበር ይባላል፤ ሂድና ዝረፍ ማለቷ ነው። ይህን ታሪክ የሚነግሩት ሰዎች ፈገግ እያሉ ነው። እኛ ግን ማዕድ ቤቱ ባዶ የሆነባትን ሴት አየን። በሌላው ሸለቆ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በረቷ ባዶ ሆኖ ያገኘችውንም አየን። ዘራፊዎቹ በእንግሊዝኛ «ሪቨር» ይባላሉ፤ ሐዘን የደረሰበትን ሰው የሚጠሩበት «ቢሪቭድ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የተዘረፈ እንደ ማለት ነው። ይህን ለእህታችን ስንነግራት «እሱስ ትክክል ነው» አለች።

ዘመኑ ያበቃው በ1603 ነው። ኤልሳቤጥ ሞታ የስኮትላንዱ ጄምስ ስድስተኛ የእንግሊዝንም ዘውድ ሲደርብ ድንበሩ የመንግሥቱ መሐል ሆነ፤ የሚሸሹበት ሌላ አገር ቀረ። ብዙዎች ተሰቀሉ፣ ግራሞች በገፍ ወደ አየርላንድ ተጋዙ፣ ሌሎችም በየአገሩ ተበተኑ። ጨረቃ ላይ የወጣው ኒል አርምስትሮንግ በ1972 ወደ ላንግሆልም ከተማ ሲመጣ የአርምስትሮንጎች ልጅ ተብሎ በክብር የከተማው ሰው ተደርጓል።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። በስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የተጀመረው ከጥር 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው እንደ ወተት ይወርዳል። በተለይ የሞት ምስክር ወረቀቱ የሟቹን እናት ከነአባቷ ቤት ስም ይጽፋል። የስኮትላንድ ሴት ብታገባም በመዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይ በተወለደችበት ስም መጠራቷ የቆየ ልማድ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ስናገባ ስማችንን ስለማንለውጥ ይህ ባዕድ አልሆነብንም። በዚህ ምክንያት እናቶችን ወደ ኋላ መከተል ቻልን።

ከ1855 በፊት ያለው የየደብሩ መዝገብ ነው፤ እሱም ቀዳዳው ብዙ ነው። ከ1783 እስከ 1794 ደግሞ መንግሥት በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ 3 ፔኒ ቀረጥ ጣለ፤ ብዙ ድሆችም ልጃቸውን ሳያስመዘግቡ ቀሩ። በድንበሩ ብዙ ደብሮች መዝገቡ የሚጀምረው ዘራፊዎቹ ከጠፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከጆኒ ስቅላት እስከ እኛ የመጨረሻ ወረቀት ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደረሰኝ የለም። «ስሙ አንድ ነው» የሚለው ደግሞ ደረሰኝ አይሆንም። አርምስትሮንጎች በሊድስዴል ሸለቆ እጅግ ብዙ ስለነበሩ በስም ብቻ መለየት ስላልተቻለ፣ በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች ሰዎቹን በቅጽል ወይም በአባትና በአያት ስም ይጠሯቸው ነበር፤ «የጊብ የጆርዲ ፍራንሲ» ይላሉ፤ ፍራንሲ ጆርዲ ጊብ ማለት ነው። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ስማችንን ለመጻፍ በየቢሮው የምንቸገረውን አስታወስን። አንዳንዱም በእናቱ ይጠራል፤ «የቤሲ አንድሩ» እንደሚሉት።

በዚህ መካከል ትልቁ ልጅ ምራቁን በብልቃጥ ልኮ የዘር ምርመራ አስደርጎ ነበር። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ክፍል ከአርምስትሮንጎች ጋር አልገጠመም፤ የገጠመው ኤልየት ከሚባሉት ጋር ነው። ልጁ ተበሳጨ፤ ለብዙ ቀን ስልካችንን አላነሳም።

መልሱን ያገኘነው ከደብሩ ሽማግሌዎች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ከ1800 ጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት የአርምስትሮንግ ቤት ልጅ፣ በሰው ቤት የምታገለግል፣ ሳታገባ አርግዛ ጉባኤው ፊት ቀረበች። የልጁ አባት ማን እንደሆነ ስትጠየቅ የአንድ ኤልየት ስም ተናገረች። ሰውየው ካደ፣ ከዚያም ከደብሩ ወጥቶ ሄደ። እሷ ተገሠጸች፣ መቀጮ ከፈለች፣ መቀጮዋም ለድሆች ሣጥን ገቢ ሆነ። ልጁን በራሷ ስም አሳደገችው። የእህታችን ልጆች አርምስትሮንግ የተባሉት በዚህች ሴት ነው እንጂ በአንድ ፈረሰኛ አይደለም። ስሟን በጋዜጣችን እንዳናወጣ ቤተሰቡ ስለጠየቀን አልጻፍነውም።

ከሦስታችን አንዷ ይህ ተሸፍኖ ይቅር ብላ ነበር። በሙት ዓመት ላይ የዲቃላ ወሬ ማንበብ ነውር ነው፣ ስለ ጆኒ ብናነብ ይሻላል፣ ማንም አይጠይቀንም አለች። ሁለታችን አልተስማማንም፤ የሌለ ደረሰኝ ጽፈን የተገኘውን ቀደን መጣል ከሒሳብ ሥራ ጋር አይሄድም። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ለሁለት ሳምንት ተኳርፈናል። በመጨረሻ ወረቀቱን ሁሉ ለእህታችን አስረከብናት። ማታ አንብባ ጠዋት ደወለች። «ሌባውን ተዉት» አለች። «እሷን አንብቡ።»

በሙት ዓመቱም እንዲሁ ተነበበ፤ ከሟቹ ተነሥቶ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከዚያች ሴት። ከእሷ በላይ «የሊድስዴል ሰዎች» ከማለት ሌላ አልተጨመረም። ትልቁ ልጅ ቆሞ ያነበበው እሱ ራሱ ነው።

ታናሹ አሁን የእናቱን ወገን ጀምሯል። አያቱ ከጎንደር በስልክ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረውለት በደብተሩ ጽፎ አሳየን። ሰባቱም ወንዶች ናቸው። ደውልና ሴቶቹን ጠይቃቸው ብለነዋል።