ከብራና ወደ ማይክሮፊልም፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትና ነገን ሳያውቁ የመወሰን ጥበብ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጻሕፍት ማእከል ለመሆን የበቃው አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው፣ በ1248 ገደማ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ በኋላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1280/81 የተጻፈው ወንጌላቸው እስከ ዘመናችን ቆይቷል።

ብራና በዚያ ዘመን ቀላል ወጪ አልነበረም። አንድ ቆዳ የሚያወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የጸሐፊ የረጅም ጊዜ ድካም ያስፈልግ ነበር። ትርፉን ግን በአብዛኛው የሚያየው ተከታዩ ትውልድ ነው።

ከ700 ዓመት ገደማ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሣ። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካ ተቋማት በመተባበር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐም ወንጌል በ1832ኛ ቁጥር ተመዘገበ። ከ1976 ጀምሮ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው የስብስቡን ዝርዝር በማዘጋጀት ደክመዋል።

ሥራው በተጀመረ በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን እንደሚወርዱ፣ ከዚያም ለረጅም ዓመታት ጦርነት እንደሚከተል አስቀድሞ ያወቀ አልነበረም። ፊልም በኮምፒዩተር ምስል እንደሚተካም እንዲሁ። ታዲያ ውሳኔው ለምን አልከሸፈም?

አንደኛ፣ ፊልሙ ብራናውን አልተካም፤ ቅጂ ስለሆነ ዋናው መጽሐፍ ከባለቤቱ እጅ አልወጣም። ሁለተኛ፣ ለማንበብ ብርሃንና አጉሊ መነጽር ይበቃል፤ የአንድ ፋብሪካ መሣሪያ ቢጠፋ ንባቡ አይቋረጥም። ሦስተኛ፣ ቅጂው በአዲስ አበባና በኮሌጅቪል ስለተቀመጠ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል። ዲጂታል ምስል በመጣ ጊዜም ፊልሙን ወደ አዲሱ መልክ ማዛወር ተችሏል።

ኪሳራ አልነበረበትም ማለት ግን አይደለም። ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለነበረ የሥዕሎቹን ቀለም አላስተላለፈም፤ ሙቀትና እርጥበትም ፊልምን ያበላሹታል። ሆኖም ስሕተቱ የሚታረም ዓይነት ነበር፤ ብራናው ስላለ እንደገና ማንሣት ይቻላልና።

እኛም በየመሥሪያ ቤታችን አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ስንመክር፣ የትኛው ዕቃ እንደሚያሸንፍ ለመገመት ብዙ እንደክማለን። ይህን ግን ማንም በእርግጥ ሊያውቅ አይችልም። ይልቁንም መጠየቅ የሚገባን፣ «ብንሳሳት ምን ይቀርልናል? መመለሻውስ መንገድ ክፍት ነውን?» ብለን ነው። መዝገቡን ሁሉ ወደ አዲሱ መሣሪያ አስገብቶ አሮጌውን የሚያቃጥል፣ መሣሪያው ሲከዳው ባዶ እጁን ይቀራል።