ደብተሩን ማን ይያዝ?

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ለሊቀ መንበርነት የተጠቆሙት ሦስት እህቶች ሦስቱም «እኔን ተዉኝ» ብለው ተቀመጡ። አንዷ ልጇ ታሞባታል፤ አንዷ ጉልቷን የሚጠብቅላት ሰው የላትም፤ ሦስተኛዋ ምክንያቷን አልተናገረችም፣ እኛ ግን ገብቶናል። ምርጫው በሁለት ወር ተራዘመ። ወደ ቤታችን ስንመለስ መንገድ ላይ ያነሣነው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈን። እናቶቻችንና አያቶቻችን ያለ ደመወዝ የሚመራቸውን ሰው ከወዴት ያገኙ ነበር?

ከጽዋ ማኅበር እንጀምር። መሪው ሙሴ ይባላል። ሥራው የማኅበሩን ሥርዓት መጠበቅ፣ የተጣሉትን ማስታረቅና ተረኛውን ማስታወስ ነው እንጂ ድግሱን መሸከም አይደለም። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ዛሬ የደገሰችው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች። ጠላውም ዳቦውም በየተራ ሁሉንም ቤት ስለሚነካ «እኔ ብቻ ደከምኩ» የምትል የለችም። ዕቁብ ደግሞ በሌላ መንገድ ያስተካክለዋል። ገንዘብ አለበትና ዳኛው ዋስ ይጠራል፣ የዘገየውን ይቀጣል፣ ከከፋይ ጋር ይጋጫል፤ በአንዳንድ ዕቁብም ለዚህ ድካሙ የመጀመሪያው ዕጣ ለእሱ ይሰጣል። የድሮ ሰዎች አገልግሎት ነፃ ነው ብለው ራሳቸውን አላታለሉም።

ዕድር ላይ ነው ነገሩ ለእኛ ለሴቶች የሚከብደው። ከገጠር የመጣው ሰው ወገን በሌለበት ሰፈር ሲሰፍር የሚቀብረውና ድንኳን የሚተክልለት ያስፈልገዋል፤ ዕድር በከተማ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በብዙው ዕድር መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የባል ስም ነበር። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ወንዶች፤ ወጥ ሠሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ለቀስተኛ አስተናጋጇ ሴት። የሴቶች ዕድር በየሰፈሩ ሲቋቋም ብዙ እናቶች በሰው ፊት ቆመው ሒሳብ ያነበቡት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የፈረሙት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። ከእኛም መሥራቾች መካከል መጻፍ የማይችሉ ነበሩ። አንዲት ታላቃችን አሻራዋን ካደረገች በኋላ አውራ ጣቷን ለጎረቤት እያሳየች ትስቅ እንደነበር ዛሬም ይወራል። የመሪነት ደመወዝ ምንድን ነው ለሚለን ሰው የምንመልሰው ይህን ነው፤ ሌላ ብዙ የለንም።

ከሰፈር ከፍ ብሎ በአገር ደረጃ የተቋቋመው ቀደምት ድርጅት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር በድንበር ሲከማች ነበር። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት፣ ልዕልት ፀሐይም ግንባር ቀደም ሆና፣ ሴቶች ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጁና ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ጠላት የመርዝ ጋዝ ማርከፍከፍ ሲጀምርም ለወታደሩ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ሰፉ። ልዕልቲቱ በስደት ሳለች እንግሊዝ አገር ነርስነት ተማረች፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ለቀምት ላይ አረፈች። ማኅበሩ ከነፃነት በኋላም ሥራውን ቀጥሎ ለሴቶች የእጅ ሥራና ንባብ አስተምሯል። ሆኖም መሪዎቹ በአብዛኛው የመኳንንትና የባለሥልጣን ባለቤቶች ነበሩ። አገልጋይና ሞግዚት ያላት ሴት ከሰዓት በኋላዋን ለማኅበር መስጠት ትችላለች። ጉልቷን ጥላ የምትመጣው ግን ሌላ ናት፤ የእነሱን ታሪክ ስናነብ ይህን ልዩነት አንርሳ።

በጠላት ዘመን ማኅበር በአደባባይ አልነበረም፣ መሪ ግን ነበረ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ የሚያቀብሉ የውስጥ አርበኛ ነበሩ። ብቻቸውን አልሠሩትም፤ የሚያዋጣ፣ የሚደብቅ፣ የሚያደርስ ሰው ነበራቸው። ተይዘው ተሠቃዩ፤ የግብረ አበሮቻቸውን ስም አላወጡም። ጣልያን አገር አሲናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ፤ ሲመለሱ ደግሞ ወደ ትግሉ ገቡ። እኛ ቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ እንጣላለን፤ በእሳቸው ሥራ የተጻፈ ስም ሰው ያስገድል ነበር። ያን ሁሉ ያቆመው መተማመን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፈቃደኝነት የሚለው ቃል ራሱ የተበላሸበት ጊዜ መጣ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ሲቋቋም እስከ ቀበሌ ወረደ። በመሠረተ ትምህርት ብዙ እናቶች ፊደል መቁጠራቸውን አንክድም፤ ከእኛ መካከልም በዚያ ዘመን የተማሩ አሉ። ግን ስብሰባው በጥሪ፣ መዋጮው በትእዛዝ ሆነ። የውዴታ ግዴታ የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ ቀረብን። ዛሬም አዲስ አባል ስንመዘግብ «ካልመጣሁ ምን ይደረጋል?» ብላ የምትጠይቅ እናት ታጋጥመናለች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሦስተኛዋ እህት ለምን ዝም እንዳለች እናውቃለን ብለናል። ከአምስት ዓመት በፊት ገንዘብ ያዥ ሳለች በዓመቱ ሒሳብ 4,200 ብር ጎደለ። ማንም «ሰረቅሽ» አላላትም፤ ግን ቡና ላይ ስትመጣ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ለአሥራ ሰባት ቀን እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ የሁለት አባላት ተቀማጭ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ ጽፋ የተሳሳተችውም እሷ አልነበረችም። አንዳንዶቻችን ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ተቀበለችን፣ ቡናም አፈላችልን፣ ቁልፉን ግን መለሰች። ይህን በጋዜጣችን መጻፍ ይገባል ወይ ተባብለን ተከራክረናል፤ በጉባኤ ፊት ተናግረነው ስለማናውቅ ጻፍነው። ያየችንም አንብባ ፈቅዳልናለች።

ለምትረዱን ወገኖችም አንድ ነገር እንበል። በየሦስት ወሩ የምትጠይቁን ሪፖርት ተገቢ ነው። የምትጽፈው ጸሐፊያችን ግን ልጆቿን ካስተኛች በኋላ በስልኳ ብርሃን ነው የምትጽፈው። ቅጹ ከአሥራ አንድ ገጽ ወደ ሦስት ቢያጥር ሌላ እህት ጸሐፊነቱን ለመሞከር ትደፍር ይሆናል።

ኮሚቴው ለሚቀጥለው ጉባኤ ሦስት ሐሳብ ያቀርባል። ሊቀ መንበርነቱ እንደ ጽዋው ይዙር፣ አንዲት ከአንድ ዓመት በላይ አትያዘው፤ ሣጥኑ ሲከፈት ሦስት ሰው አብሮ ይቁጠር፤ ተረኛዋ ሊቀ መንበር በዓመቷ ከመስተንግዶ ተራ ነፃ ትሁን። በሦስተኛው ላይ ገና አልተስማማንም፤ «መሪ ከሆነች እንጀራ አትጋግርም ወይ?» ያሉ አሉ። ደብተሩ ለጊዜው በምክትሏ እጅ ነው። ጉባኤው የካቲት 12 ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ነው፤ ልጅ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የምትጠብቅላችሁ ተመድባለች።